አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላንህ የማይነሳው ሞተሩ ደክሞ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከፎም በሬዲዮ የሚመራ አውሮፕላን ሠርቻለሁ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ንድፉ የመጣው ከውጭ ሲሆን የተሞከረው በባሕር ዳርቻ ነው። ሙሉ ክብደቱ 900 ግራም ይላል፤ የእኔ 1,200 ሆነ። ጅራቱ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ በሙጫና በስኮች ስለጠገንኩት ይመስለኛል። ባትሪው 180 ግራም ነው፤ ከክንፉ ሥር አስሬዋለሁ። ፕሮፔለሩ 9 ኢንች ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እየተንገዳገደም ቢሆን ይነሳል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግን ረጅም ተንደርድሮ አፍንጫውን ወደ ላይ ያደርግና በግራ ክንፉ ይወድቃል። በሁለት ጣት ስደግፈው ሚዛኑን የሚጠብቀው ከክንፉ የፊት ጠርዝ 8.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ጓደኛዬ ‹አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ስበቱ ይቀንሳል፤ አየሩም ስስ ስለሆነ አይጎትትም፤ እንዲያውም በቀላሉ መብረር ነበረበት፤ ችግሩ ሞተሩ ነው› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ጅራቱ ላይ ክብደት ጨምር፣ አፍንጫው ቶሎ ይነሳል› አለኝ። ለትልቅ ሞተር የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ልግዛ?»

ምላሽ፦ አትግዛ። ጅራቱም ላይ አንዲት ግራም አትጨምር። የነገርከኝ ቁጥሮች አውሮፕላንህ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች እንዳሉት ያሳያሉ፤ ሁለቱንም ሞተር አያድናቸውም። አንደኛው፣ ክንፉ በአዲስ አበባ አየር ሊሸከመው ከሚገባው በላይ መሸከሙ ነው። ሁለተኛውና የከፋው፣ ክብደቱ ወደ ኋላ መሄዱ ነው። የጠዋቱ ቅዝቃዜ የመጀመሪያውን በጥቂቱ ያስታግስልሃል፤ ሁለተኛው ግን ጠዋትም አለ። መንገዳገዱ የእርሱ ምልክት ነው።

በቅድሚያ የስበቱን ነገር እንዝጋው። ከባሕር ወለል ወደ አዲስ አበባ መውጣት የመሬት ስበትን የሚቀንሰው ከሺህ አንድ እጅ ባልሞላ መጠን ነው። አንድ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ እዚህ የሚያጣው ክብደት አንድ ግራም አይሞላም። ጅራቱ ላይ የለጠፍከው ስኮች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ስበትን ከሒሳቡ አውጣው።

በእርግጥ የሚለወጠው አየሩ ነው። ቤት ውስጥ ባቄላ ሲቀቀል ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እሳቱ ቢበረታም ባቄላው ይዘገያል። ምክንያቱ ከላያችን ያለው የአየር ጫና ዝቅተኛ መሆኑ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 1,013 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲሆን እዚህ 770 አካባቢ ነው። ለክንፍ ግን ከግፊቱ ይልቅ የሚያስፈልገው የአየሩ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር መጠን ነው። በባሕር ወለል፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አዲስ አበባ ላይ በማለዳ በ10 ዲግሪ 0.95 ገደማ፣ ከሰዓት በኋላ በ25 ዲግሪ ደግሞ 0.90 ገደማ ነው። ስለዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ክንፍህ የሚያገኘው አየር የንድፉ ባለቤት ካገኘው ከሩብ በላይ የጎደለ ነው።

እዚህ ላይ ጓደኛህ የያዘው ግማሽ እውነት አለ። ስስ አየር በእኩል ፍጥነት ሲለካ በእርግጥ ያነሰ ይጎትታል። ነገር ግን የሚጎትተውም የሚያነሳውም ያው አንድ አየር ነው፤ መጎተቱ ሲቀንስ ማንሳቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ክብደትህ ደግሞ አልቀነሰም። ያንኑ ክብደት ለመሸከም ክንፉ በፍጥነት መካስ አለበት፤ በፍጥነት ሲክስ የተረፈው የመጎተት ኃይል ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ ነው ከፍታ ለአነሳስ ነጻ ስጦታ የማይሆነው። ትላልቅ አውሮፕላኖች ከ10,000 ሜትር በላይ ወጥተው ከስስ አየር የሚጠቀሙት አስቀድመው ፍጥነቱን ስለያዙ ነው፤ አንተ ግን ፍጥነቱን ገና ከመሬት ላይ መሰብሰብ አለብህ።

ይህን በራስህ አውሮፕላን ላይ እናስላው። የማንሳት ኃይል በአየሩ እፍግታ፣ በክንፉ የገጽ ስፋትና በፍጥነቱ ካሬ ይወሰናል። የክንፍህ የገጽ ስፋት፣ 1.2 በ0.2 ሲባዛ፣ 0.24 ሜትር ካሬ ነው። ለእንዲህ ያለ ቀላል ክንፍ በሚሆን ግምት ንድፉ በባሕር ወለል ላይ በ900 ግራም ክብደት ሊበርበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነት በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያንተ 1,200 ግራም፣ በዚህ ከተማ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ በታች ክንፉ አያነሳም፤ አፍንጫው ምንም ያህል ወደ ላይ ቢያይ አያነሳም። መንደርደሪያው ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በዚያ ላይ ፕሮፔለሩ ስስ አየር ስለሚገፋና አካሉም ስለከበደ፣ ንድፉ በ10 ሜትር ከተነሳ ያንተ 30 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። አንተ «ረጅም ተንደርድሮ» ያልከው ይህ ነው። ሞተሩ አልደከመም፤ ሥራው በሦስት እጥፍ አድጎበታል።

ይህ የፎም አሻንጉሊት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። የቦሌ ዋናው መንደርደሪያ ወደ 3,800 ሜትር የሚረዝመው በከንቱ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት የሚያርፍ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣ መሆኑን ተሳፋሪዎች ሁሉ ያውቃሉ። ወደ ምዕራብ ሲኬድ የሚገጥመው ነፋስ ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን ከዋሽንግተን ሲነሳ በዝቅተኛ ቦታና ጥቅጥቅ ባለ አየር ላይ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት መቻሉ ነው። ከቦሌ ያንኑ ነዳጅና ያንኑ መንገደኛ ጭኖ መነሳት ይቸግረዋል፤ የሞተሩ ግፊት ቀንሷል፣ የሚፈልገው ፍጥነት ጨምሯል፣ ጎማው የሚችለው ፍጥነትም ወሰን አለው። ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለው ቦታ ሲመረጥ ከተጠቀሱት ጥቅሞች አንዱ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ በል፤ አብራሪዎቹ ከፍታውን የሚያሸንፉት ክብደት በመቀነስ ነው። ያንተም መንገድ ይኸው ነው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት መካከል ስላለው ልዩነት ሁለት ነገር ልበል። በሙቀት ምክንያት የሚጠፋው እፍግታ 5 በመቶ ያህል ነው። በአብራሪዎች አነጋገር ብንገልጸው፣ በማለዳ አውሮፕላንህ በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ይበራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በ3,100 ሜትር፣ ማለትም ወደ እንጦጦ አናት ተጠግቶ። ሜዳው ግን ያው ነው። አንዳንዶች አውሮፕላኑን ወደ አዳማ ይዘው መሄድን እንደ መፍትሔ ያነሣሉ። አዳማ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ማለቷ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአዳማ የቀትር ሙቀት በ30 ዲግሪ ያለው አየር በአዲስ አበባ ማለዳ በ10 ዲግሪ ካለው አየር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ቦታ ከመቀየር ይልቅ ማልዶ መነሳት ይረክሳል። የከሰዓቱ ሁለተኛ ጉዳት ደግሞ ፀሐይ ያሞቀው መሬትና አስፋልት አየሩን እየገፋ ወደ ላይ ማስነሳቱ ነው፤ ይህ ለአንድ ቀላል አውሮፕላን ከ5 በመቶው ይበልጥ ይጎዳል።

እርጥበትን በተመለከተ «የክረምት አየር ከባድ ስለሆነ ያነሳል» ሲባል እሰማለሁ። ተገላቢጦሽ ነው፤ የውኃ ትነት ከደረቅ አየር ስለሚቀል እርጥብ አየር ይበልጥ ስስ ነው። ልዩነቱ ግን በእኛ ከተማ አንድ በመቶ ስለማይሞላ አትጨነቅበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሕመም እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ልቆይ ነው፤ ምክንያቱም ወጣቶች ለወራት የደከሙበት ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው በዚህ ነው። ጦር የሚወረወረው ብረቱ ከፊት ሆኖ ነው። ብረቱን ከኋላ አድርገህ ብትወረውረው በአየር ላይ ተገለባብጦ ይሄዳል፤ የወርዋሪው ጉልበት ምንም ቢሆን። አውሮፕላንም ክብደቱ ከፊት፣ ጅራቱ ከኋላ ሲሆን ነው ራሱን የሚያቀናው። ድንገት ነፋስ አፍንጫውን ቀና ቢያደርገው፣ ክብደቱ በትክክለኛ ቦታ ያለ አውሮፕላን ተመልሶ ዝቅ ይላል። ክብደቱ ወደ ኋላ የሄደ ግን ቀናነቱን ያባብሰዋል፤ አንተ እስክትደርስለት ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከልኩ ያልፋል፤ አየሩ ከክንፉ ላይኛ ገጽ ይላቀቃል፤ ማንሳቱም በቅጽበት ይጠፋል። አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ይህን ነው። አንተ ያየኸው አፍንጫ መነሳትና መውደቅ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ላንተ ዓይነት ቀጥ ያለ ክንፍ የክብደት ማዕከሉ ከፊት ጠርዝ ከክንፉ ስፋት 25 እስከ 30 በመቶ ባለው ቦታ ላይ መሆን አለበት። በ20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይህ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ያንተ 8.5 ላይ ነው፤ ከ42 በመቶ በላይ! ሁለተኛው ጓደኛህ እንዳለው ጅራቱ ላይ ክብደት ብትጨምር አፍንጫው በእርግጥ ቶሎ ይነሳል፤ መነሳቱን የሚያቆመው ግን አይኖርም። ይህ ምክር በብዙ ሰው አፍ ስላለ አጥብቄ እነግርሃለሁ፤ አፍንጫ መነሳትና አውሮፕላን መነሳት አንድ አይደሉም። አውሮፕላን የሚያነሳው ፍጥነት ነው፤ አፍንጫው የሚከተል ነው።

ማስተካከያው ከወረቀትና እርሳስ በላይ አይጠይቅም። ማዕከሉን ከ8.5 ወደ 5.5 ለማምጣት 1,200 ግራሙን በ3 ሳንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ ሲባዛ 3,600 ይሆናል። የ180 ግራሙን ባትሪ ብቻ ብታንቀሳቅስ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት መግፋት ይኖርብሃል፤ ይህን ያህል ቦታ አፍንጫው ውስጥ ላታገኝ ትችላለህ። ነገር ግን ጅራቱን አዲስ በቀጭን ፎም ሠርተህ 30 ግራም ብትቀንስለት፣ ጅራቱ ከማዕከሉ 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ከራቀ፣ 1,650ውን በዚያ ታገኛለህ፤ ለባትሪው የሚቀረው 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጅራት ላይ ያለ አንድ ግራም አፍንጫ አካባቢ ብዙ ግራም የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። አፍንጫው ላይ የእርሳስ ክብደት በመጨመር ሚዛኑን ለማስተካከል አትሞክር፤ አንዱን ሕመም ስታክም ሌላውን ታባብሳለህ።

ሁልጊዜ በግራ ክንፉ የሚወድቅበትም ምክንያት አለው። ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ አካሉን በአጸፋው ወደ ግራ ያዘነብለዋል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ባየና ሞተሩ በሙሉ ኃይል በሠራ መጠን ደግሞ ወደ ግራ መሳቡ ይጨምራል። ሞተሩን ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ አዘንብለህ እሰረው። ክንፉንም ከኋላ ሆነህ በዓይንህ ለካው፤ የግራው ጫፍ ከቀኙ ይልቅ የፊት ጠርዙን ቀና አድርጎ ከተጣመመ መጀመሪያ ስቶል የሚያደርገው እርሱ ነው። በዚያ ቅጽበት ክንፉን በኤሌሮን፣ ማለትም በክንፉ የኋላ ጠርዝ ባለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ለማንሳት መሞከር ውድቀቱን ያፋጥነዋል፤ የወደቀው ክንፍ ላይ ያለው ኤሌሮን ወደ ታች ሲታጠፍ ማዕዘኑን ይበልጥ ያሳድገዋልና። መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ አድርግ፣ በራደር (በቋሚው ጅራት ላይ ባለው መሪ) አቅና፣ ፍጥነት ሲመለስ ክንፉን አስተካክል።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ቢሆን ኖሮ አየር ስለሚተነፍስ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣ ነበር። ያንተ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ኃይሉ አልጎደለም፤ የጎደለው ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ነው። ስለዚህ የሚለወጠው ሞተሩ ሳይሆን ፕሮፔለሩ ነው። በእኩል ዙር ግፊቱ ከዲያሜትሩ ጋር እጅግ በፍጥነት ያድጋል፤ በስስነቱ ምክንያት ያጣኸውን ለመመለስ 8 በመቶ ያህል ማሳደግ ይበቃል። ከ9 ወደ 10 ኢንች ብትሄድ ከዚያም ያልፋል። ዋጋው ግን አለ፤ በዚያው ዙር ከተሽከረከረ ሞተሩ ንድፉ ካሰበው ሩብ ያህል የበለጠ ኃይል ይስባል፤ የሚያቀዘቅዘው አየርም ስስ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አቁመህ ሞተሩንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን በእጅህ ዳስስ። ጣትህን ማቆየት ካልቻልክ ወደ 9 ኢንች ተመለስ። ፕሮፔለሩ ሲረዝም መሬት እንዳይነካም እግሩን ተመልከት። ትልቅ ሞተር ብትገዛ ግን ትልቅ ባትሪ ይከተለዋል፤ 100 ግራም በተጨመረ ቁጥር የሚያስፈልግህ ዝቅተኛ ፍጥነት 4 በመቶ ያህል ያድጋል። ያባረርከውን ችግር ገንዘብ ከፍለህ ትመልሰዋለህ።

ክንፉን ማሳደግ ግን ከልብ የምደግፈው ሐሳብ ነው። በሁለቱም ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ብትጨምርና ጠቅላላ ክብደቱን ወደ 1,000 ግራም ብታወርድ፣ ዝቅተኛው ፍጥነት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንኳ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ንድፉ ከነበረው 27 ጋር ጎረቤት ማለት ነው። የረዘመ ክንፍ ግን መሃሉ ላይ ይበልጥ ይታጠፋል፤ በውስጡ የካርበን ዘንግ ወይም ቀጭን የቀርከሃ ፍንካች ሳታስገባ አታብርረው። የክንፉን ስፋት ከ20 ሳንቲ ሜትር አታጥብበው። ትናንሽ ክንፎች ላይ አየሩ ቶሎ የመላቀቅ ጠባይ አለው፤ ስስ አየር ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ጠባብና ረጅም ክንፍ በባሕር ዳርቻ ውብ ቢሆንም እዚህ ይቀጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አውሮፕላንህ በንድፉ ላይ እንደተጻፈው አይበርም። በእኩል ዝንባሌ ሲዞር ክቡ ይሰፋል። በ45 ዲግሪ ዝንባሌ ሲዞር ደግሞ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት 19 በመቶ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከተነሳ በኋላ ለመዞር አትቸኩል። ነፋስ ሲኖር ሁልጊዜ ፊት ለፊት ገጥመህ አስነሳ። ክንፍ የሚያውቀው ከአየሩ አንጻር ያለውን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ከኋላ በሚነፍስ ነፋስ መሬት ላይ ሲሮጥ ያየኸው ፍጥነት ያታልልሃል።

ስለ ቦታው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። 1,200 ግራም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲበር ሰው ቢመታ ከአምስት ሜትር ከፍታ እንደወደቀ ዕቃ ነው፤ ከፊቱም የሚሽከረከር ምላጭ አለ። አራት ኪሎ ቤተ መንግሥቱና ሌሎች የመንግሥት ተቋማት ያሉበት፣ በፎቆች መካከል ነፋሱ የሚጠማዘዝበት፣ ሰው የማይጠፋበት ሰፈር ነው። ጃን ሜዳም ባዶ መስሎ ሲታይህ የልጆች መሮጫ ነው። ከመሃል ከተማ ወጥተህ፣ ከቦሌ የበረራ መስመር ርቀህ፣ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ከአካባቢው የጸጥታ አካላት ፈቃድ ጠይቀህ ብቻ አብርር። በትምህርት ቤትህ በኩል በጽሑፍ መጠየቁ ለአንድ ተማሪ የተሻለው መንገድ ነው። ባትሪው በውድቀት ከተጎዳ ወይም ካበጠ እንደገና ቻርጅ አታድርገው፤ ቤት ውስጥ እሳት ያስነሳል።

እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ሥራ፦ መጀመሪያ አሮጌውን ጅራት ቆርጠህ ጣልና አዲስ ቀጭን ሥራ። ቀጥሎ ባትሪውን ወደ ፊት ገፍተህ ማዕከሉን 5.5 ሳንቲ ሜትር ላይ አምጣ፤ ይህ ሳይሆን ሞተሩን እንዳታስነሳ። ከዚያ የተረፈውን ሙጫ፣ ቀለምና ስኮች እየላጥክ 1,000 ግራም እስኪደርስ ቀንስ፤ ክንፉን አርዝም፤ በመጨረሻ ፕሮፔለሩን ለውጥ። ሚዛኑን በየደረጃው እንደገና ለካ። ሞተር ሳታስነሳ ረጅም ሣር ባለበት ቦታ በእጅህ በቀስታ ወርውረህ ሞክረው፤ ቀጥ ብሎ ተንሳፍፎ ካረፈ ሚዛኑ ደርሷል፤ አፍንጫውን አንስቶ ከወደቀ ባትሪውን ሌላ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ውሰድ። የመጀመሪያውን በረራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ አድርገው። ሲንደረደር የኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክፍል) መሪ አትጎትት፤ ጅራቱ ቀሎ አካሉ ራሱ ከመሬት መለየት ሲጀምር ብቻ በጣትህ ጫፍ በጥቂቱ ሳብ።